ለውሾቼ ያመጣሁት የዶሮ እግር

ሕመሙ የጀመረው በሆድ ቁርጠት ነው። ሐምሌ መግቢያ ላይ አንድ ጠዋት ባለቤቴ ትሩዬ ሆዷን ይዛ ጎንበስ አለች። ሳይመሽ ትኩሳትና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያዛት። ወረታ ካለ ክሊኒክ ወሰድኳት፤ ኦአርኤስና የሚዋጥ መድኃኒት ሰጧት። በአምስተኛው ቀን ተነሳች። ተገላገልን ብለን ረሳነው።

እኔ ከሸዋ ወደ ወረታ ተመድቤ የመጣሁ የሒሳብ መምህር ነኝ። ትሩዬ እዚያው አጠገብ ያለው የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ልጅ ናት። ወረታ ባጃጅ መግባት የጀመረበት ሰሞን ነበር፤ ከተጋባን ሁለት ዓመት አልሞላንም፣ ልጅም አልወለድንም። ሁለት ውሾች ነበሩኝ፤ እንደ ልጅ ነበር የማያቸው። የደብረ ታቦር መገንጠያ አጠገብ ካለ ምግብ ቤት የዶሮ አንጀት፣ እግርና ጭንቅላት በፌስታል እየተቀበልኩ አመጣላቸዋለሁ። ጥሬውን ነው የምሰጣቸው፤ ጥሬ ሥጋ ውሻን ያጠነክራል ሲባል ሰምቼ። የምትከትፍላቸው ግን ትሩዬ ነበረች፣ ለእኛ ጎመንና ቲማቲም በምታጥብበት ሳፋ።

“ይሄ ነገር ይቀፈኛል፤ የራሱ ሳፋ ግዛለት” ብላኝ ነበር።

“ይታጠብ የለ እንዴ?” አልኳት።

ተቅማጡ ከተዋት ከዐሥር ቀን በኋላ የእግሯ ጣቶች ደነዘዙ። ጉንዳን የሚሄድባት መሰላት። ጫማው ጠቧት ነው አልን። በማግስቱ የበሩን ደረጃ መውጣት አቃታት። በሦስተኛው ቀን ብርጭቆ ከእጇ ወደቀ። ከዚያ መቆም አልቻለችም።

አባቷ አቶ አስማረ የሩዝ አረማቸውን ትተው፣ ውኃ የተኛበትን ሜዳ በእግራቸው አቋርጠው መጡ። ልጃቸውን አይተው አጠገቧ ቁጭ አሉ። የሠፈር ሰዎች ግን አንድ ወሬ ነገሯቸው። የሺ የምትባል ጎረቤት አለችን፤ ገበያ ላይ ቃሪያና ሽንኩርት እየሸጠች ብቻዋን የምትኖር ሴት። ትሩዬ አዲስ ጫማ አድርጋ ስትወጣ አይታ “እግርሽ እንዴት ያምራል!” ብላት ነበር። አቶ አስማረ የየሺ በር ላይ ቆመው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ጮኹ።

“ልጄን በዓይንሽ በላሻት!”

“ኧረ በማርያም! እኔ እንደ እህቴ ነው የማያት” አለች የሺ። በሯን ዘጋች።

እኔ በዓይን አላምንም። ግን አማቴን ፈራሁ። ዝም አልኩ።

ጎንደር ሪፈር ተጻፈልን። ሆስፒታል ስንደርስ የትሩዬ ድምፅ በአፍንጫዋ ነበር የሚወጣው። ምራቋን መዋጥ አቅቷታል። ሐኪሙ ጉልበቷን በትንሽ መዶሻ መታ አደረገ። እግሯ ንቅንቅ አላለም። ከወገቧ በመርፌ ፈሳሽ ወሰዱ።

“ጊላን ባሬ ሲንድሮም ይባላል” አለኝ። “ሰውነቷ የገዛ ነርቮቿን እያጠቃ ነው። የምንፈራው ትንፋሿን ነው። በቅርቡ ተቅማጥ ነበራት?”

“አዎ።”

“ጥሬ ዶሮ ትነካለች?”

ፌስታሉ ዓይኔ ላይ መጣ። ሁሉንም ነገርኩት።

“ጥሬ ዶሮ ላይ ካምፒሎባክተር የሚባል ባክቴሪያ አለ። አሁን መርምረን ላናገኘው እንችላለን። ግን ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።”

በየጊዜው እየመጡ በአንድ ትንፋሽ እስከ ስንት መቁጠር እንደምትችል ያዩ ነበር። መጀመሪያ ሃያ ደረሰች። በማግስቱ ዐሥራ አራት። ከዚያ ዘጠኝ። እኔም አብሬያት በልቤ እቆጥራለሁ። ዘጠኝ ላይ ቆመ። አልወረደም። አምስት ቀን እዚያው ላይ ቆየ።

ሦስት ሳምንት ሲሞላን አቶ አስማረ ጣራ ገዳም ጠበል ሊወስዷት መጡ። የሺ ካልለቀቀቻት ልጄ አትድንም ይላሉ። ከዚያ በላይ መሸከም አቃተኝ።

“አባባ፣ የሺ ምንም አላደረገችም። ለውሾቹ ያመጣሁት ጥሬ ዶሮ ነው። እኔ ነኝ።”

“መቼ አወቅህ?”

“እዚህ የገባን ዕለት።”

ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። “ሦስት ሳምንት! ሦስት ሳምንት ሙሉ የሰው ስም በማጥፋት ኃጢአት ውስጥ ትተኸኝ?”

ትሩዬ ትሰማ ነበር። ፊቷን ወደ ግድግዳ ማዞር አትችልም። ዓይኗን ጨፈነች።

አቶ አስማረ በዚያው ቀን ይቅርታ ሊጠይቁ ወረታ ወረዱ። የየሺ ቤት ተቆልፎ ነበር። ከዚያ ወሬ በኋላ ቃሪያዋን የሚገዛት ሰው ጠፍቶ ዕቃዋን ጭና ሄዳለች። አንዱ ባሕር ዳር ነው አለ፣ ሌላው መተማ። እስከ ዛሬ አላገኘናትም።

ከዚያ በኋላ ትሩዬ ቀስ በቀስ ማገገም ጀመረች፤ መጀመሪያ መዋጥ ቻለች፣ ቀጥሎ ጣቶቿ ተንቀሳቀሱ፣ መስከረም አልፎ ውኃው ከሜዳው ሲሸሽ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ከአልጋ አውርዳ፣ በሁለት ብረት መሐል እያስያዘች፣ አንድ እርምጃ ላይ ግማሽ ቀን እየፈጀች መራመድ አስተማረቻት። አባቷም ጠበሉን በጀሪካን እያመጡ፣ ሐኪሙን አስፈቅደው፣ እግሯን ሲያብሱላት ይውሉ ነበር። ትሩዬ እኔን ለብዙ ወራት በቅጡ አላናገረችኝም። አንድ ቀን ግን በምርኩዝ ግቢ ውስጥ እየተራመደች “ና፣ ደግፈኝ” አለችኝ። ቀኝ እግሯን አሁንም ትጎትታለች።

ውሾቹን አላባረርኳቸውም፤ ጥፋቱ የእነሱ አልነበረም። አሁን የሚበሉትን በራሱ ድስት እኔው እቀቅላለሁ፣ ሳፋውንም እጄንም በሳሙና እኔው አጥባለሁ። እናንተም ቤት ውሻ ካለ እንዲሁ አድርጉ። ከተቅማጥ በኋላ የሰው እግር ከደነዘዘ ጫማ ነው፣ ብርድ ነው እያላችሁ አትቆዩ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። የትሩዬን ትንፋሽ አብረውኝ ለቆጠሩት ሐኪምና ነርሶች፣ በእግሯ ላቆመቻት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ ተቆጥተው ላልተዉን አማቴ ምስጋናዬ አያልቅም። ደግሞ እውነቱን ያወቀ ሰው በዚያው ቀን ይናገር። እኔ ስናገር የሺ ሄዳ ነበር።