ልኩ ያልተነገረ ሹራብ

ስደት ሲባል ሁሉም ሰው በጨለማ የሚወጣ ይመስለዋል። እኔ የወጣሁት ከምሳ በኋላ ነው። የዓሣ ጥብስ በልቼ፣ እጄን በሎሚ ታጥቤ፣ ሽምብጥ ሰፈር ካለው ቤታችን በባጃጅ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሄድሁ። ማንም አላሳደደኝም። ጀርመን አገር አረጋውያንን የመንከባከብ ሙያ ልማር፣ ቪዛዬን አስመትቼ፣ እንደ ጨዋ ሰው ነው የተሰደድሁት። ያም ሆኖ ባጃጁ ውስጥ ከእማዬ ይልቅ ያለቀስሁት እኔ ነኝ፤ እህቴ ሙሉ ልትሸኘኝ አልወጣችማ።

ሙሉ ታናሼ ናት። ያን ጊዜ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። "አራስ ስሆን ከአጠገቤ አትለዪም አይደል?" ብላኝ፣ "ማን ሊለየኝ" ብዬ ምዬላት ነበር። ቪዛው ግን የእሷን ቀን አልጠበቀም። ስነግራት ዳንቴል እየሠራች ነበር፤ ከኪሮሿ ቀና እንኳ አላለችም።

"ሂጂ እንግዲህ። የሰው አገር አሮጊት ስታጥቢ የኔን ልጅ ማን ያጥበው?" አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኔ ጋር የምትነጋገረው በእማዬ በኩል ሆነ። ሦስታችንም አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠን "እማዬ፣ ጨውን አቀብይኝ በያት" ትላለች። እኔም "እማዬ፣ ይኸው በያት" እላለሁ። እማዬ በመካከላችን ጨው ስታመላልስ ጳጉሜ ደረሰና ሄድሁ።

ስለ ዳንቴሉ ልንገራችሁ። እኛ ቤት ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ የለም። ቴሌቪዥኑ፣ ፍሪጁ፣ ሶፋው፣ የአባዬ ሬድዮ ሳይቀር ለብሷል። እማዬ ሁለታችንንም ያስተማረችን በአንድ ኪሮሽ ነው፤ እየተቀማማን ነው የለመድነው። አባዬ ከፋብሪካ ሲገባ በር ላይ ቆሞ "እኔን የምታለብሱኝ መቼ ነው?" ይል ነበር። ስሄድ እማዬ ሻንጣዬን ከፍታ፣ በርበሬውንና ሽሮውን ወደ ጎን ገፍታ፣ ስድስት ዳንቴል ጨመረችልኝ። ዕቃው ራቁቱን ከሆነ ቤቱ ቤት አይመስልም አለች።

የገባሁባት ከተማ ስሟን ለመጥራት አስቀድሞ ጉሮሮ ማጽዳት ያስፈልጋል። አከራዬ ፍራው ብራንት ይባላሉ፤ ፍራው እንደ ወይዘሮ ያለ ነው። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ብቻቸውን ይኖራሉ፣ ፎቁን አከራዩኝ። በዚያ ዕድሜያቸው እኔን "እርስዎ" ይሉኛል። የመጀመሪያውን ሳምንት ሲያናግሩኝ ከኋላዬ ማን ሽማግሌ ቆሞ ይሆን እያልሁ እዞር ነበር።

ቤታቸው ሁለት ሕግ አለው። አንደኛው "ሩሄ" ነው፤ ጸጥታ ማለት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሽንት ቤት ስገባ እንኳ በጣቴ ነው የምረግጠው። ሁለተኛው "ሉፍተን" ነው፤ በየቀኑ፣ በረዶም ቢሆን፣ መስኮቱን ወለል አድርጎ መክፈት። እኔ ያደግሁት ባጃጅ ውስጥ "ንፋስ ይመታሻል" ተብዬ መጋረጃ እየተጋረደልኝ ነው። እዚህ ገንዘቤን ከፍዬ ንፋስ አስገባለሁ። የዚህ አገር ዓሣማ አራት ማዕዘን ነው። ራስ የለው፣ ጅራት የለው፣ እሾህ የለው፤ ከየትኛው ባሕር ሳይሆን ከየትኛው አናጢ ቤት እንደወጣ ነው የሚያስጠይቀው።

በሦስተኛው ሳምንት ፍራው ብራንት ክፍሌን ሊያዩ ወጡ። ገና በሩ ላይ ቆም አሉ።

"ቴሌቪዥኑ ተበላሽቷል?"

"የለም፣ ደህና ነው።"

"ታዲያ ለምን ተሸፈነ?"

አሰብሁ። በሕይወቴ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። "እንዲያምርበት ነው" አልሁ።

ወደ ማሞቂያው ዞሩ። እሱም ለብሷል። "ይኸኛውስ?"

"እሱም እንዲያምርበት።"

"ይኸኛው ቤቱን እንዳያሞቅ ነው" ብለው ገፈፉት። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ዳንቴሉን አገላበጡት፤ ጀርባውን አዩ፣ ጠርዙን በጥፍራቸው ቆጠሩ። "ማን ሠራው?"

"እኔና እህቴ።"

ይዘውት ወረዱ። በማግስቱ እታች ስሄድ የአበባ ማስቀመጫቸው ሥር ተነጥፎ አየሁት። ስለ መመለሱ እስከ ዛሬ ማንም አላነሣም።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሙሉ ወለደች። እማዬ ደወለችልኝ።

"ሴት ናት" አለችኝ።

"እልል! እንዴት ናት? ትልቅ ናት?"

"ኧረ ምኗ ትልቅ፤ እንዲያው ትንሽዬ፣ ከሲታ ነገር ናት።"

"ስንት ኪሎ ተወለደች?"

"እኔ እንጃ ልጄ፣ ሚዛኑንም አላየሁ።"

እማዬ ማለት የጎረቤትን በግ በአጥር አሻግራ አይታ ኪሎውን የምትናገር ሴት ናት። "ፎቶ ላኪልኛ" አልኋት። "ክርስትና ሳትነሣ የምን ፎቶ አመጣሽ?" አለችኝ። "ሙሉስ?" "ደህና ናት፤ ተኝታለች።" በሳምንቱ ደወልሁ፤ ልጅቱ ከሲታ ናት፣ ሙሉ ተኝታለች። በሌላው ሳምንትም እንዲሁ። አራስ ይተኛል፤ ግን እንደ ሙሉ የተኛ አራስ አላውቅም።

ስደተኛ ከሆናችሁ ፍርሃቴ ይገባችኋል። አገር ቤት ክፉ ነገር ሲደርስ ለእኛ አይነገርም። "በሰው አገር ብቻዋን ምን ትሁን?" ይባልና ይደበቃል። እዚህ የማውቃት አንዲት ልጅ አባቷ መሞቱን የሰማችው ሙት ዓመቱ ከወጣ በኋላ ነው። ስለዚህ "ከሲታ" የሚለውን ቃል ይዤ አገላበጥሁት። ልጅቱ ታማለች አልሁ። ሙሉም ልታዋየኝ ስላልቻለች ነው የምትተኛው። እኔ ምዬ የከዳኋት እህቷ እዚህ ሆኜ የማላውቃቸውን አሮጊቶች እያጠብሁ ነው። ምንም ማድረግ አልችልም ነበር፤ አንድ ነገር ብቻ፣ ሹራብ መሥራት። ትንሽ ልጅ ሙቀት ትፈልጋለች።

ለሹራብና ለኮፍያ የሚሆን ክር ፍለጋ ወደ ፍራው ብራንት ወረድሁ። ቁምሳጥናቸውን ሲከፍቱት የክር መደብር ነው። ቢጫ ሱፍ አወጡ፤ ግን አልሰጡኝም፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው እጃቸውን ጫኑበት።

"ለስንት ዓመት ልጅ?"

"የሦስት ሳምንት ናት።"

"ስንት ሴንቲሜትር?"

"ትንሽ ናት።"

"ትንሽ ስንት ሴንቲሜትር ነው?"

"ትንሽዬ። ከሲታ።"

"ከሲታስ ስንት ሴንቲሜትር ነው?" የውጭ ዜጎች ቢሮ እንኳ እንዲህ አልመረመረኝም። "እሺ፣ አገርዎ አሁን ስንት ዲግሪ ነው?"

"ሃያ ስምንት ቢሆን ነው።"

"በሃያ ስምንት ዲግሪ የሱፍ ኮፍያ?"

"ንፋስ አለ። ምችም አለ።"

"ምች ምንድን ነው?"

መዝገበ ቃላቴን አገላበጥሁ፤ ጀርመኖች ምች የላቸውም። "ፀሐይና ንፋስ አንድ ላይ ሲያገኝዎት የሚይዝ ነገር ነው" አልኋቸው።

"እኛ እኮ ለእሱ ገንዘብ ከፍለን ጣሊያን እንሄዳለን" አሉ።

ክሩን ሰጡኝ፤ ግን ልኩን ሳላመጣ እንዳልጀምር አስጠነቀቁኝ። ልጅቱን አስተኝቶ ከራስ እስከ ተረከዝ መለካት ነው፣ ቀላል ነው አሉ። እኔም እንደ ጀርመን ደወልሁና "እማዬ፣ ልጅቱን አስተኝተሽ በሜትር ለኪልኝ" አልሁ።

"ተኝቶ የሚለካ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ጠፍቶሽ ነው?" አለችኝ። "ሁለተኛ ይህን ቃል ከአፍሽ እንዳልሰማ።" ስልኩን ዘጋችው።

አለቀ፤ ልጅቱ በጽኑ ታማለች ማለት ነው አልሁ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሳለቅስ ፍራው ብራንት ሰሙኝ። መሐረብ ሰጡኝና መስኮቱን ከፈቱ፤ የሚያለቅስ ሰው አየር ያስፈልገዋል አሉ። አጠገቤ ተቀምጠው ሁለታችንም በብርድ ተንቀጠቀጥን።

ሹራቡን በግምት ጀመርሁት። መጀመሪያ ደህና መጠን ነበረው። ግን ደውዬ "ከሲታ ናት" በተባልሁ ቁጥር ተርትሬ አሳንሰው ጀመር። ኮፍያውን ሦስት ጊዜ ተረተርሁት። በመጨረሻ ሹራብ፣ ኮፍያና ካልሲ ጨርሼ ሳሳያቸው ፍራው ብራንት ኮፍያውን በሁለት ጣታቸው አንሥተው አዩት። "ይህ ለሰው ነው ወይስ ለሻይ ማንቆርቆሪያ?" አሉኝ። ተቀየምኋቸው። ለጥምቀት ወደ አገር ቤት የሚገባ ሰው አግኝቼ ላክሁት።

ጥር መገባደጃ ላይ፣ እሑድ ጠዋት፣ ስልኬ ጮኸ። ሙሉ ናት። ከጳጉሜ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። አነሣሁት።

"አንቺ ሴትዮ፣ ይህን የላክሽው ለማን ነው?"

"ለልጅሽ።"

"ለየትኛዋ ጣቷ?"

አልገባኝም። "ሙሉ፣ በእመቤቴ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ልጅቱ ምን ሆናለች?"

"ምን ትሆናለች?"

"ከሲታ ናት ትሉኛላችሁ፣ ፎቶ ትከለክሉኛላችሁ፣ አንቺ ተኝተሻል..."

ሳቋ መጣ፤ መሬት ላይ የሚያስቀምጥ ዓይነት ሳቅ ነው። "እማዬ፣ ነይ ስሚልኝ፣ ከሲታ ስትያት አምናሻለች" ስትል ሰማሁ። ወደ እኔ ተመለሰች። "ታዲያ ጎረቤቱ ተሰብስቦ እየሰማ በስልክ 'ድንቡሼ ናት፣ ወፍራም ናት' እንድትልሽ ፈለግሽ? ዓይን የሚባል ነገር ጀርመን ስትገቢ ጠፋ?"

አፈርሁ። የጎረቤት ሕፃን አይቼ፣ ጉንጩ ሊፈርጥ የደረሰውን፣ "ውይ፣ ምን ያለ ከሲታ ነው" ስል ያደግሁ ሰው ነኝ። አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ የገዛ ቋንቋዬን በጀርመንኛ መስማት ጀምሬያለሁ። ይህን ማንም አላስጠነቀቀኝም ነበር፤ ለዚህም ነው የምጽፍላችሁ።

"ስደውል ተኝተሽ የነበረውስ?" አልኋት።

"ያ ሌላ ነው። አኩርፌ ነው።"

"አሁንስ?"

"አሁንም አኩርፌያለሁ። ግን ኮፍያሽን እያዩ ማኩረፍ አልተቻለም። እማዬ የስኳር ዕቃውን አልብሳዋለች፤ ልክክ ብሎበታል።"

ከዚያ ክርስትና ስለተነሣች ማየት ትችያለሽ ብላ ስልኩን ወደ ቪዲዮ ቀየረችው። ልጅቱ መጣች። አገጯ ሁለት ነው፤ የእጇ አንጓ በክር የታሰረ ይመስላል፤ ጉንጯ ዓይኗን ከልሎታል። በሕይወቴ እንዲህ ያማረ ነገር አላየሁም። አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ ዋጥሁት።

"ምን ያለች ከሲታ ናት" አልሁ።

ሙሉ ፊቷን ከስልኩ አዞረች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። "እታለም፣ ይህን ከአንቺ ሳልሰማ ሰማንያ ቀን አለፈኝ" አለች።

ጩኸታችን የእሑዱን ሩሄ ስላፈረሰው ፍራው ብራንት ደረጃውን ወጡ። ሊቆጡ መጥተው ልጅቱን ሲያዩ ከቀሚሳቸው ኪስ ሜትር አወጡ። "ስንት ሴንቲሜትር ናት? አሁኑኑ ይጠይቋት" አሉ። ለሙሉ ተረጎምሁላት።

"ሴንቲሜትር አላውቅም በያት" አለች ሙሉ። "አንቺ መጥተሽ ለኪያት።"

ትምህርቴ ሦስት ዓመት ነው። ሲያልቅ ልጅቱ ቆማ፣ ጫማዋን አድርጋ ነው የምትለካው። ይህን ልነግራት አልቻልሁም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስደግፌ ጣቶቼን ዘርግቼ መስታወቱ ላይ አኖርኋቸው፤ አውራ ጣቴን ተረከዟ ላይ፣ ሌላውን ወደ አናቷ። እማዬ አልዋሸችኝም። ከዚህ ሆኜ ስለካት ስንዝር አትሞላም።