የካምቢዮዬ ግራ ጆሮ

ያን መካኒክ ይቅር በለው ያሉኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። አንዳቸውም ግን ከዳንግላ እንጅባራ በአራት ማርሽ ነድተው አያውቁም።

መኪናዬ አሮጌ የናፍታ ፒክአፕ ናት። ከአዘና ድንች ጭኜ ዳንግላ አራግፋለሁ፤ ስመለስ ጨው፣ ሳሙና፣ ቆርቆሮ፣ የተገኘውን እጭናለሁ። የገዛኋት በሬዎቼንና ሁለት ፈረሶቼን ሸጬ ነው። ስገዛት ባለ አምስት ማርሽ ነበረች። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ስለሆነ ነው።

አንድ ዓመት ክረምቱ እንደወጣ ፍሪሲዮኗ መንሸራተት ጀመረ። ነዳጅ ስሰጣት ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን አትከተለውም። ዳንግላ ውስጥ ጥሩ ነው ወደተባለ ጋራዥ ወሰድኳት። ባለቤቱ ራሱ መካኒክ ነው። በዕድሜ ያንሰኛል፤ ጋሼ እያለ አንተ ይለኛል። ፍሪሲዮን ለመቀየር የማርሹ ሳጥን፣ ካምቢዮው፣ እንደሚወርድ እኔም አውቃለሁ። በሦስተኛው ቀን ስመለስ ካምቢዮዬ ወርዶ፣ ጆንያ ለብሶ ጥግ ላይ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ ይሄ አልቆለታል» አለኝ። «ጥርሱ ተበልቷል። መለዋወጫ ባሕር ዳር ብትሄድም አታገኝለትም። እኔ ዘንድ ሌላ አለ፣ ለዚህ ሞተር ይገጥማል።»

«አምስት ነው?»

«አራት። ለድንች አምስት ምን ያደርግልሃል? ድንች አይቸኩልም!»

ጋራዡ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ሳቄ ነው።

ባለ አራቱ ካምቢዮ ከእኔው ያጥራል። ስለዚህ ማሰሪያውን ወደ ፊት አምጥቶ በየደው፤ ወደ ኋላ እግር የሚሄደውን ዘንግ አስረዘመው፤ የማርሹ እጀታ የሚወጣበትን ወለልም ቆርጦ አሰፋው። ሥራውን አላማም፣ እጁ ያውቃል። ሲጨርስ አንድ ወረቀት አመጣ። «ዋስትና ነው፣ ቢበላሽ በነፃ እንድሠራልህ» አለ። በእስክሪብቶ ትፈርማለህ ወይ ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም። አውራ ጣቴን ራሱ ይዞ ቀለሙ ላይ ነከረው፣ ወረቀቱ ላይም ራሱ ጫነው፤ ገበያ ላይ የበግ ላት እንደሚዳበስ። አንዱን ቅጂ ሰጠኝ፣ አጣጥፌ በወንበሩ ልባስ ውስጥ ከተትኩት።

ከዚያ በኋላ መንገዱ መሳለቂያ አደረገኝ። ሌላው በአምስተኛ አስፋልቱ ላይ ሲንሳፈፍ የእኔዋ በአራተኛ እንደሚታረድ በሬ ትጮኻለች። የሚኒባስ ሹፌሮች ሲያልፉኝ እጃቸውን በመስኮት ያወጣሉ፤ አራት ጣት ዘርግተው፣ አውራ ጣታቸውን አጥፈው። ዳንግላ መግቢያ ላይ አንድ ባለ ጋሪ «ጋሼ፣ ልጎትትህ? የእኔዋ ፈረስ እንኳ አምስተኛ አላት» አለኝ።

በዓመቱ ካምቢዮው ሦስተኛ ላይ ማርሹን መትፋት ጀመረ። ዋስትናዬን ይዤ ሄድኩ። መካኒኩ ወረቀቱን ከእጄ አልተቀበለኝም። ደንበኞች ተሰብስበው በቆሙበት «ጋሼ፣ እስቲ አንብበው፤ ምን እንደሚል አንተው ንገረኝ» አለኝ።

ወረቀቱን አጥፌ ወጣሁ። ሌላ ሰው ያነብልኝ ነበር። አላስነበብኩም። አንብበው የተባልኩት እኔ ነኛ!

ፊደል የቆጠርኩት ለጽድቅ አይደለም። አዘና ትምህርት ቤት ቅዳሜ ከሰዓት የጎልማሶች ክፍል ነበር። አብረውኝ የሚማሩት እናቶች ናቸው፤ ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አይገባም፣ አስተማሪዋ ከልጄ ታንሳለች። «ለምን መማር ፈለጉ?» ብላ ሁላችንንም ጠየቀች። አንዷ መዝሙረ ዳዊት ለመድገም አለች፣ አንዷ ስልክ ቁጥር ለመለየት። እኔ «አንድ ሰው ለማዋረድ» አልኩ። ልጅቱ ቀልድ መሰላት። በሬ ጠምጄ እንኳ እንደዚያ ላብ አላላበኝም።

ድንቹ ተዘርቶ እስኪነቀል ተማርኩ። ከዚያ አንድ ቀን መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ በጣቴ እየተከተልኩ፣ አንዱን ቃል ሦስት ጊዜ እየጣልኩ እያነሳሁ ወረቀቱን አነበብኩት። ዋስትና የሚል አንድም ቦታ የለበትም። «አሮጌውን ካምቢዮ ወድጄና ፈቅጄ ለጋራዡ ባለቤት ሰጥቻለሁ፤ ወደፊት ጥያቄ አላነሳም» ነው የሚለው።

ደጋግሜ አነበብኩት። ያለቀለትን ካምቢዮ ማን በፊርማ ይረከባል?

መካኒኩ ከእኔዋ ጋር አንድ ዓይነት ፒክአፕ አለችው። ቀድሞ አራት ማርሽ እንደነበረች ሹፌሩ ሁሉ ያውቃል። አሁን ግን ዳገቱን ጨርሳ ሜዳ ላይ ስትወጣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጥላኝ ትሄዳለች። ስንት ጊዜ አልፋኛለች! እኔ ሞኙ የሞተሯ ጉልበት ይመስለኝ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አባቴ ላንሳ። አባቴ ከአገውኛ በቀር የማያውቅ ገበሬ ነበር፤ ከብቱንም ፈረሱንም በግራ ጆሮ ላይ ሁለት ቦታ ይሰነጥቅና ከሥር አንዲት ቀዳዳ ይበሳ ነበር። የጠፋ ፈረስ በዚያ ምልክት ከስንት ገበያ ተመልሷል። እኔም ፊደል ስላልነበረኝ የእኔ ያልኩትን ሁሉ እንደዚያው አደርግ ነበር፤ ሞፈሬን፣ የመጥረቢያዬን እጀታ። ከዓመታት በፊት ባለ አምስቱ ካምቢዮዬ ዘይት ሲያንጠባጥብ እንጅባራ አስወርጄው ነበር። መካኒኮቹ ምሳ ሲሄዱ መዶሻና መሮ አንስቼ፣ ብሎን የሚገባበትን የግራውን ጆሮ ሁለት ቦታ ጫርኩት፣ ከሥሩም አንዲት ነጥብ መታሁ።

በዳንግላ ገበያ ቀን የመካኒኩ ፒክአፕ ከእህል ተራው አጠገብ ቆማ አገኘኋት። ነጠላዬን አንጥፌ ጭቃው ላይ በጀርባዬ ተንጋለልኩና ከሥሯ ገባሁ።

«ኧረ ሰውየው ሞቷል!» አለች አንዲት ሽንኩርት ሻጭ።

«ምን ይሞታል፣ ጠጥቶ ነው» አለቻት ሌላዋ። «ከጥላው ሥር ይተኛ፣ ተይው።»

መጀመሪያ የካምቢዮው ቁጥር የተጻፈበትን ቦታ ፈለግሁ፤ አሁን ማንበብ እችላለሁ እኮ። በሞረድ ተልጧል። የስንት ወር ቅዳሜዬ ገደል ገባ ብዬ ልወጣ ስል አውራ ጣቴን ወደ ግራው ጆሮ ሰደድኩ። ከዘይትና ከአቧራው ቅርፊት ሥር ሁለት ጭረት፣ ከሥራቸው አንዲት ጉድጓድ። መካኒኩ የፈራው የተጻፈውን ብቻ ነው። መሃይም ሰው ምልክት አለው ብሎ አላሰበም።

ፍርድ ቤት አልሄድኩም፤ በጣቴ ያተምኩበት ወረቀት አፌን ይዘጋዋል። በሽማግሌ አስጠራሁት። ከጋራዡ በር ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። መካኒኩ ወረቀቱን አሳየ፣ ቀጥሎም «ያውም የእሱ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለው? ቁጥሩን ያሳይ!» አለ።

«አባባ፣ እርስዎ ይፍረዱ» አልኳቸው ትልቁን ሽማግሌ። «ማንም ሳያየው እናገራለሁ። ግራ ጆሮው ላይ ሁለት ስንጥቅ፣ ከሥር አንዲት ነጥብ። ከሌለ መኪናዬን ይውሰዳት።»

ሁለተኛው ሽማግሌ በባትሪ ከመካኒኩ ፒክአፕ ሥር ገብተው አይተው ወጡ። «አለ» አሉ። ትልቁ ሽማግሌ ሳቁ። «እኔ የአባትህን ባዝራ ከደጄ ይዤ የመለስኩት በዚሁ ምልክት ነው። ልጄ፣» አሉ ወደ መካኒኩ ዞረው፣ «ፈረስ ሰርቀህ ጆሮውን ሳታይ ትነዳዋለህ?»

እዚያ የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። በዚህኛው ሳቅ እኔ አልሳቅሁም። መካኒኩን ነበር የማየው።

ፍርዱ እንዲህ ሆነ፤ ካምቢዮዬን በገዛ እጁ አውርዶ ይግጠምልኝ። እኔ አንድ ነገር ጨመርኩ፤ ሠራተኞቹ እንዳይነኩት። ሁለት ቀን ፈጀበት። የዘይት ጀሪካን ገልብጬ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አራቱን ከእኔዋ ሲያወርድ ጥቁሩ ዘይት ፊቱ ላይ ፈሰሰ፤ ጨርቅ አጠገቤ ነበር፣ አላቀበልኩትም። ያስረዘመውን ዘንግ መልሶ አሳጠረ፤ ማሰሪያውንም ወደ ጥንት ቦታው መለሰ።

«ምነው ትንሽ ብትረዳኝ ጋሼ፣ ወገቤ ተቆረጠ» አለኝ።

«ድንች አይቸኩልም። ቀስ ብለህ ሥራ» አልኩት።

ሲጨርስ ሽማግሌዎቹ ሊያስታርቁን መጡ፤ እኔም አዘና በገዛ እጄ የጻፍኩትን ወረቀት አወጣሁ። ፊደሌ ዶሮ የጫረው ይመስላል፤ ግን ይነበባል። «የሰውን ካምቢዮ አልቆለታል ብዬ ወስጄ ነበር፤ መልሻለሁ» ይላል። ቀና ብሎ አነበበውና እጁን ዘረጋ፣ «እስክሪብቶህን ስጠኝ» አለ። እስክሪብቶው ደረት ኪሴ ላይ ተሰክቶ ይታየዋል።

«የለኝም» አልኩት።

አውራ ጣቱን ያዝኩ። ቀለም አላስፈለገም፣ ዘይቱ ይበቃል። ወረቀቱ ላይ ጫንኩት፣ ከሚያስፈልገው በላይ ጫንኩት። ሽማግሌዎቹ ቀና ብለው ሰማይ ሰማይ ያዩ ነበር።

ዛሬ የአገራችን ሹፌር ካምቢዮ ሊያስወርድ ሲሄድ መሮ ይዞ ሄዶ መካኒኩ እያየ ጆሮውን ይመታል። ይህን ስሰማ ምሳዬ ይጣፍጠኛል። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልዬ ከመስታወቱ አጠገብ፣ ተሳፋሪ ሁሉ እንዲያየው ሰቀልኩት።

ባለፈው ትልቁን ሽማግሌ ከእንጅባራ ጫንኳቸው። በአምስተኛ እየሄድን ነበር። ወረቀቱን አዩና «ልጄ፣ ታረቃችሁ እኮ። አሁንስ አንሳው» አሉኝ።

እርሳቸውን እምቢ ማለት ይከብደኛል። ወደ ታች፣ ከማርሹ እጀታ አጠገብ አወረድኩት። ግን አላነሳሁትም።