ተቀብያለሁ ያለው ኢሳያስ

ጉብታውን የያዝነው ንጋት ላይ ነው። ትእዛዙ እስኪመሽ እንዳንለቀው ነበር። እኔ የሻምበላችን መገናኛ ነበርኩ። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሠራዊቱን ስቀላቀል ሰው ፊት መናገር እንደማልችል አይተው «ለአንቺ ሬዲዮ ይሻላል» ብለው መደቡኝ።

መትረየሱ ላይ የወላይታዋ ገሱባ ልጅ አስር አለቃ ኢሳያስ ነበር። ጓደኛው ሰርግ ላይ አረቄ ሲጠጣ ስለታየ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያኑ ከጌታ እራት አግዶታል። ሃምሳ አለቃ ግርማ የሶዶ ልጅ፣ ረቡዕና ዓርብን ምሽግ ውስጥ እንኳ የሚጾም ኦርቶዶክስ ነው። ተኩስ ጋብ ባለ ቁጥር ሁለቱ ይነካከሳሉ።

«እገዳህ እስኪነሳ እኛ ጋ ተጠለል፤ ጾም እናስለምድሃለን» ይለዋል ግርማ።

«አንተ ጾመህ፣ ሰግደህ፣ ላብህን ጠርገህ ስትደርስ፣ እኔ በጸጋ ገብቼ ቦታ ይዤልህ እጠብቅሃለሁ።»

«ያገዱህ ሰዎች በሩ ላይ ካልቆሙ።»

በዚህኛው ኢሳያስ አልሳቀም።

ከቀትር በኋላ በሁለት በኩል መጡብን። መጀመሪያ መድፍ። ከዚያ እግረኛ። ጭኔን ተመታሁ። ሻምበል አዛዡ ቁስለኛ ይውረድ አሉ። ትእዛዛቸውን ወደ መትረየሱ ያስተላለፍኩት እኔ ነኝ።

«ቁስለኛ ወንዙን እስኪሻገር ቦታህን ያዝ። ተቀበል።»

«ተቀብያለሁ» አለ ኢሳያስ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ግርማ አዘለኝ። ቁልቁል ስንወርድ መትረየሱ ከበላያችን ይሰማል። ወንዙን ስንሻገርም ይሰማ ነበር። ከዚያ ዝም አለ።

ቁስሌ ሲድን ከግርማ ጋር ገሱባ ሄደን የኢሳያስን እናት ጠየቅናቸው። ልጃቸው እንዴት እንደሞተ አልጠየቁኝም። ግርማ እየተረጎመልኝ፣ በወላይትኛ «ልጄ ንስሐ ገብቶ ነበር? ሽማግሌዎቹ መዳኑን አናውቅም አሉኝ» አሉ። ለቅሶ የመጡ ሰዎች የነገሯቸው ይህንን ነው። ልጇን ያጣችን እናት፣ በሰማይም ላታገኘው ትችያለሽ ብለው ትተዋት ሄዱ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች አንዱ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ አጠገባቸው ተቀምጠዋል። ለእኔ ብለው በአማርኛ ጠየቁኝ።

«የመጨረሻ ቃሉ ምን ነበር?»

«ተቀብያለሁ።»

ፊታቸው በራ። ወደ እናትየው ዞሩና «ሰማሽ? ጌታን ተቀብሎ ነው የሄደው» አሏቸው።

እናትየው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዝም ማለት እችል ነበር፤ ዝምታ ለእኔ ቀላል ነው። ግን እኚህ ሰውዬ ኢሳያስን በሠራው ሳይሆን ራሳቸው አሳስተው በተረዱት ቃል ሊያጸድቁት ነው።

«ጌታን አላለም፣ መምህር» አልኩ። «የተቀበለው ትእዛዝ ነው። እኛ ቁስለኞቹ እስክንወርድ ሊቆይ።»

መምህሩ አንገታቸውን ደፉ። «ጀግና ነው። ነገር ግን እህቴ፣ ሥራ አያድንም።»

«እኔን አድኖኛል።»

ድምፄ ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም። «ሥራ አያድንም ትላላችሁ፤ አንድ መለኪያ አረቄ ግን ይኮንናል። ስጦታ ነው ትላላችሁ፤ ከዚያ በሩን ትዘጋላችሁ።» ግርማ እንኳ ደንግጦ አየኝ።

እናትየው ዓይናቸውን ገለጡ። «ልጄ ያተረፋችሁ ስንት ነበራችሁ?» አሉ በወላይትኛ፤ ግርማ ተረጎመልኝ።

«አስራ አንድ።»

«ስማችሁን ንገሪኝ።»

አንድ በአንድ ነገርኳቸው። እያንዳንዱን ስም ከእኔ በኋላ ደገሙት።

በዚያ ጉብታ ከሻምበላችን ዘጠኝ ሰዎች ሞቱ። ሰባቱን አውርደን ቀብረናል። ኢሳያስና ጥይት የሚያቀብለው ረዳቱ ግን እዚያው ቀሩ። ከሞቱት ማን ገነት፣ ማን ሲኦል እንደገባ እኔ አላውቅም፤ መምህሩም አያውቁም። እኔ ለመትረፌ ምንም አልሠራሁም፤ በሰው ጀርባ ታዝዬ ነው የወረድኩት። ጸጋ ይህ ከሆነ ከስብከት መድረክ አልተማርኩትም። የሰጠኝ ሰው እስከ ሞተበት ሰዓት ድረስ እገዳ ላይ ነበር።