ሁለት በሬ በሁለት አገር

በጥልያን ጊዜ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው አገራችን እንደ አባቴ ያለ ጥንቁቅ ሰው አልነበረም። ጥልያን ሲመጣ እጅ ነሥቶ ይቀበላል፤ አርበኛ ሲመጣም ያንኑ ወገቡን ያጎነብሳል። «ማን እንደሚያሸንፍ በምን ይታወቃል?» ይል ነበር። እስኪለይለት ድረስ የአባቴ ወገብ እረፍት አላገኘም።

ያለን ሀብት ሁለት በሬ ነበር፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጥቁር። በዚያ ሰሞን የቡሬ ምሽግ ወታደሮች የአንዱን ጎረቤታችንን በሬ ወስደው አረዱ። ብዙም ሳይቆይ የጫካ ሰዎች በተራቸው የሌላውን ወሰዱ። አባቴ ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተና ብልሃቱን አገኘው። ቀዩን ቡሬ ከተማ፣ ምሽጉ አጠገብ ከምትኖረው ከአክስቴ ዘንድ አኖረው። ጥቁሩን አርበኞች ወደያዙት ወደ ቋሪት ነድቶ ለአበልጁ አደራ ሰጠ። ጥልያን ቢያሸንፍ ቀዩ፣ አርበኛ ቢያሸንፍ ጥቁሩ ይተርፋል። ይህን ለሰው ሁሉ ሲያስረዳ ፊቱ በኩራት ያበራ ነበር። እኛ ምን ጠምደን እንደምናርስ ግን አላስረዳንም።

ክረምቱ ገባ። አንድ በሬ ብቻ የነበረው ጎረቤታችን መጣና «አንዱን ያምጡትና እንቀናጅ፤ አንድ ቀን ያንቱን፣ አንድ ቀን የኔን እናርሳለን» አለው። እናቴም «ማሳው ጦም ካደረ እኛም ጦም ማደራችን ነው፤ ያምጡት» እያለች ለመነችው።

«ሲያርስ ጥልያን ቢያየውስ?» አለ አባቴ። «አርበኛ ቢያየውስ? እንዲያው ዝም ብሎ ቢሞትስ?»

ጎረቤታችን ሌላ የሚቀናጀው ሰው ፍለጋ ሄደ። ማሳችን አረም ለበሰ። አረሙስ አንጀት ያርስ ነበር።

አክስቴ ቤት ግን ቀያችን ከሌላ በሬ ጋር ተጠምዶ አርሶ ጎተራው ሞልቷል። ስለዚህ አባቴ ሁለተኛ ብልሃት አመጣ፤ ታላቅ እህቴን በሬያችን ያረሰውን እህል እንድትበላ ወደዚያው ሰደዳት። እናቴ «ልጄን ወታደር መሀል አይስደዱብኝ» ብላ አለቀሰች።

«ከምሽግ አጠገብ ሆና ምን ያገኛታል? በሬውንም ታይልኛለች» አላት።

ጥልያን ቡሬን ለቆ ሲወጣ አገሩ እልል አለ። አባቴም ማን እንዳሸነፈ በሚገባ ካጣራ በኋላ ፎከረ። ከዚያ ጥቁሩን ከቋሪት አመጣ፤ ቀዩንና እህቴን ሊያመጣ ደግሞ ቡሬ ሄደ። ማታ የተመለሰው በሬውን ብቻ እየነዳ ነበር። አክስቴ ሳትጠይቀን እህቴን ለአንድ ባንዳ ድራት ኖሯል፤ ሰውየው ከጥልያን ጋር ሲሸሽ ይዟት ሄዷል። ወዴት እንደሄዱ የሚያውቅ አልነበረም።

«በሬዎቹን ግን ምንም አልነካቸው» አለ አባቴ። ያን ጊዜ ጠላሁት። እስከ ዛሬም ጨርሶ አልወጣልኝም።

በማግስቱ በሬዎቹን ጠመዳቸው። ሁለቱም በሰው አገር በቀኝ በኩል መጠመድ ለምደው መጥተዋል፤ በግራ የሚቆምለት አጣ። አንዱን ወደ ግራ ሲጎትተው ቀንበሩን ይጥላል፣ ሌላውን ሲያዞረው ሊወጋው ይመጣል።

«ግድ የለም፣ ይለምዳሉ» አለ ላቡን እየጠረገ። «ዋናው ሁለቱም መትረፋቸው ነው።»

እናቴ ማሳው ዳር ቆማ ታየው ነበር።

«አንቱ፣» አለችው፣ «ምነው ልጄንም እንደ በሬዎቹ ለሁለት ከፍለው ባስቀመጧት ኖሮ፤ ግማሿ እንኳ ይተርፈኝ ነበር።»