ዜማውን የማፈጥነው እኔ ነኝ

ዛሬ ጀሞ፣ በኳየር ልምምዳችን ላይ መሪያችን «ከበሮ መቺው ይቀየር፤ ወደ ኋላ እየጎተተን ነው» ሲል ማይኩን አስቀመጥኩና «አይቀየርም!» አልኩ።

ማቲዎስ ከበሮውን ታቅፎ አንገቱን እንደደፋ ነው።

እሱ አይጎትትም። የማፈጥነው እኔ ነኝ። ይህንንም ያወቅኩት ካለፈው ወር ጀምሮ እሱ ራሱ ሲያስተምረኝ ነው። መጀመሪያ መዘመር ከለከለኝና አስጨበጨበኝ። «ዝም የምልባት ቦታ አለች፤ አንቺ እሷን እየዘለልሽ ትሮጫለሽ። እዚያ ጋ ተንፍሺ» አለኝ።

ስምንት ዓመት ሶሎ ስዘምር ያቺን ቦታ ሰምቻት አላውቅም። (ድምፅሽ ያምራል የሚለኝ ሰው ስለበዛ መስማት አላስፈለገኝም።)

«ኪቦርዱን አጥፉት» አልኩና በከበሮ ብቻ ዘመርኩ። ቦታዋ ላይ ስደርስ ተነፈስኩ። አዝማቹ ላይ ሁሉም ያጨበጭብ ነበር፤ የመሪያችንም እግር ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ወለሉን ይመታ ጀመር።

ሲያልቅ ግን «እናስብበታለን» አለ።

ያስቡበት! እሁድ ማቲዎስ ከሌለ እኔም የለሁም።

እስቲ እናንተም ተናገሩ፤ በእናንተ ጥፋት ሌላ ሰው ሲወቀስ ዝም ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እያወቅኩ፣ እሱ ሲወቀስ አንድ ወር ሙሉ ዝም ብያለሁ።