የመቂ ፓፓያ ነው

በደርግ ጊዜ ናዝሬት ውስጥ ስኳር በቀበሌ ኮታ ነበር የሚታደለው። ከኮታው በላይ ይዞ የተገኘ አሻጥረኛ ተብሎ ይታሰራል። እኔ አልጋዬ ስር አምስት ኪሎ ነበረኝ። በናዝሬት የግንቦት ሙቀት አሻጥረኛ መሆን ይፈረድበታል?

አንድ ቀን ፓፓያና ሐብሐብ ጨፍልቄ፣ ሎሚ ጨምቄ፣ ስኳሩን ሳልሰስት ነስንሼ፣ ሾፌሩ ባለቤቴ ከአሰብ ባመጣልኝ ፍሪጅ በረዶ አደረግሁት። ከጎድጓዳ ሳህኑ በማንኪያ ልፍቅ ስል የሰፈራችን አብዮት ጠባቂ ቶሎሳ ጠመንጃውን አንግቶ በሩ ላይ ቆመ።

«እትዬ አስካለ፣ ስኳር አለዎት?»

ማንኪያውን ሳህኑ ውስጥ ተውኩት።

«ስኳር? እኔ ቤት? መልኩንም ረስቼዋለሁ!» አልኩና፣ አፉን ላስይዘው ብዬ ከዚያው በረዶ አንድ ብርጭቆ ሞልቼ ሰጠሁት። ከዚህ የበለጠ ጅልነት ካለ ንገሩኝ።

ቀመሰና ዓይኑን ጨፈነ። «ኧረ ይሄ ነገር ማር ነው!»

«ፓፓያው ነው። የመቂ ነው።»

«እኔም የመቂ ልጅ ነኝ እኮ። እንዲህ ያለ በልቼ አላውቅም።»

«ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነበር» አልኩ፤ ላቤ ጀርባዬ ላይ እየወረደ። ሁለተኛ ብርጭቆ ጠየቀ። ሦስተኛ። በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀ።

«ቶሎሳ፣ የምትፈትሽ ከሆነ ፈትሸህ ገላግለኝ!»

«የምን ፍተሻ?» አለ ደንግጦ። «ሚስቴ አራስ ናት። ጠያቂ መጥቶብን፣ አንድ ኩባያ ስኳር ልበደርዎ ነው የመጣሁት።»

አሁን «አለኝ» እንዴት ይባላል?

«ከሌለዎትማ አይጨነቁ፣ ለእንግዶቹ ይኸው ይበቃል» አለና፣ እኔ አንድ ማንኪያ እንኳ ሳልቀምስ ሳህኑን እንዳለ ታቅፎ ወጣ።