የጓሳው ደንብና ቀይ ቀበሮዋ

ሥራ የጀመርሁ ዕለት ጣሪያ ላይ አልወጣሁም። ጌታዬ ጋሽ ሽፈራው፣ በመንዝ የታወቁ የሣር ቤት ከዳኝ፣ አንድ ጭብጥ የጓሳ ሣር ሰጡኝና «ግመደው» አሉኝ። ስገምደው ተበጠሰ። «ሳይደርስ የታጨደ ነው፤ ክረምት አያሻግርም» ብለው ጣሉት። ከዚያ መሰላል ሥር ቆሜ ሣር አቀባይ ሆንሁ። ከዳኝ የተባልሁት ብዙ ቆይቶ ነው።

የጓሳ ሣር የሚደርሰው መስኩ ለዓመታት ከአጫጅ ሲዘጋ ነው። የጓሳው አለቃ አባ ተክሌ ሳይፈቅዱ ማጭድ ያነሣ ሰው ጎረቤቱ እሳትና ውኃ ይነሣዋል።

ሣር ልናጭድ ስንወጣ አንዲት ቀይ ቀበሮ እናይ ነበር። ሣር የሚግጠው ጭላዳ ዝንጀሮ መሀል ገብታ ቀስ ብላ ትሄዳለች። አይጥ ጭላዳ አይፈራም፤ ከጉድጓዱ ሲወጣ ቀጨም ታደርገዋለች። ጭላዳው ወደ ገደል ሲወርድ ደግሞ ከከብት ጋር ትውላለች። ጋሽ ሽፈራው ሥራ አቁመው ያዩዋት ነበር። «አቤት ብልጠት! ያሰበችውን ሳትተው ጓደኛ ትለውጣለች» ይሉ ነበር። እኔም ከእሷ የበለጠ ዘመን የሚያውቅ ፍጡር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ደርግ መጣ። አንድ ካድሬ ሕዝቡን ሰብስቦ «የአለቃ ደንብ የፊውዳል ነው። ተሽሯል! ጓሳው ለሰፊው ሕዝብ ክፍት ነው» አለ። ሣሩ ገና ጨቅላ ነበር። ያኔ ቢታጨድ የሀገሩ ቤት ሁሉ ክዳን ያጣል፤ እኔም እንጀራዬ ይቀራል።

አባ ተክሌ ተነሡ። «ጓድ፣ እውነትዎን ነው» አሉ። ጓድ ሲሉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። «ይሻር። ግን የሰፊው ሕዝብ ንብረት ጠባቂ አያሻውም?»

«ያሻዋል እንጂ!»

«እንግዲያው የጓሳ አብዮት ጥበቃ ይመረጥ።»

እጅ ወጣ። የተመረጡት አባ ተክሌ ናቸው፤ ምክትሎቹም የድሮዎቹ። እሳት መንሣት «ማኅበራዊ ርምጃ» ተባለ። አንዲት ሣር ሳትነካ መስኩ እንደ ተዘጋ ቀረ። ቀበሮዋን ያን ቀን ናቅኋት፤ እሷ ጓደኛ ብትለውጥም ቀይ ጠጉሯ ይታያል፤ አባ ተክሌ ግን ደንቡን በአዲስ ስም ሸሸጉት።

ካድሬው ሲሄድ የአባ ተክሌን እጅ ይዞ ሳቀ። «አባባ፣ የእናቴም ቤት የሣር ነው» አላቸው።

ከዓመታት በኋላ ሣሩ ደርሶ አባ ተክሌ መስኩን የከፈቱ ዕለት አንድ ጭብጥ ሣር ገመድሁ። አልተበጠሰም።

ሣር ካልደረሰ አይከድንም። ጠባቂው ምንም ይባል ምን፣ ይጠበቅ።